ጅማ ሆኖ የባሕር ሽሪምፕን ማጥናት፦ ከመረቡ እስከ ስሌቱ

ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ሽሪምፕ፣ ስለዚያ ቅርፊት ለባሽ ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ቅርባችን ያለው ውኃ አዌቱ ነው፤ ራቅ ካለ ቦዬ፣ ከዚያም የግልገል ጊቤ ግድብ። ግን ነገሩ ተረት አይደለም። እዚህ የተማረ ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኝና ባሕር ዳር ያለ አገር ይሄዳል። አማካሪው አንድ ሳጥን ናሙና ያሳየዋል። "የዚህን ሽሪምፕ ቁጥር ለውጥ ሥራልኝ" ይለዋል። ልጁ ሽሪምፕ ያየው በፊልም ብቻ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት አብሮ ስለሠራ፣ ይህ በደንብ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

መመሪያው እንዲህ ላጋጠመው ሰው ነው። ዋና ምሳሌዬ የሰሜን ባሕሩ ቡናማ ሽሪምፕ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክራንጎን ክራንጎን ይባላል። ከቤልጂየም እስከ ዴንማርክ ባለው ዳርቻ በብዛት ይጠመዳል። ኦስትዱንከርከ በምትባል የቤልጂየም ባሕር ዳር መንደር አጥማጆቹ ዛሬም በፈረስ ያጠምዱታል። ፈረሱ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ መረቡን ይጎትታል። ዩኔስኮ ይህን ሥራ በ2013 መዝግቦታል። ጋሪ እያየ ያደገ የጅማ ልጅ እዚያ ቢደርስ ብዙም ባይተዋር አይሆንም። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም በፊት፦ ዕድሜው አይነበብም

ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ጆሮው አካባቢ፣ ትንሽ ድንጋይ አለችው። ተቆርጣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ታሳያለች። ቀለበቱን ቆጥራችሁ ዕድሜውን ታውቃላችሁ። ሽሪምፕ ይህ የለውም። የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው። አሮጌው ቅርፊት ሲወድቅ የዕድሜው ምልክትም አብሮ ይወድቃል። በዓይኑ ዘንግና በጨጓራው ውስጥ ባሉ ጠንካራ ክፍሎች ላይ መስመር ይነበባል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ክርክሩ ግን አላለቀም።

ስለዚህ በእጃችሁ የሚቀረው ርዝመት ብቻ ነው። ስንቱ ተወለደ፣ በምን ፍጥነት አደገ፣ ስንቱ ሞተ የሚለው ሁሉ ከርዝመት ይወጣል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ቀመሩን ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ባልዲውን፣ ካሊፐር የሚባለውን የርዝመት መለኪያና መዝገቡን ነው። ቀመሩን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ተበላሽቶ የመጣን ናሙና ግን ማንም ፕሮግራም አያድነውም። ይህ መመሪያ ስሌቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ናሙናው ላይ ብዙ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

1. የእንስሳውን ኑሮ እወቁ

ቡናማው ሽሪምፕ ጥልቀት የሌለው አሸዋማና ጭቃማ ዳርቻ ይወዳል። ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል። ሌሊት ወጥቶ ምግቡን ያድናል። ሴቷ እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር፣ በመዋኛ እግሮቿ ላይ አጣብቃ ትዞራለች። እንቁላሉ የሚፈለፈልበት ጊዜ በውኃው ሙቀት ይወሰናል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ወራት ይፈጃል፤ ሲሞቅ ሳምንታት ይበቁታል። የተፈለፈለው እጭ መጀመሪያ ከውኃው ጋር ይንሳፈፋል፣ በኋላ ዳርቻው ላይ ይሰፍራል። ዋደን በሚባለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ትንንሾቹ በገፍ የሚታዩት በሜይና በጁን አካባቢ ነው። እነዚያው አድገው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የአጥማጁን መረብ ይሞላሉ።

ሁሉም ሽሪምፕ ግን እንዲህ አይኖርም። በቀይ ባሕር ያሉት ፔኔይድ የሚባሉት ዝርያዎች እንቁላላቸውን አይሸከሙም። ጠለቅ ባለው ውኃ ይለቁታል። ልጆቹ ወደ ዳርቻ፣ ወደ ማንግሮቭ (ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) እና ወደ ሣር ያለበት ውኃ ይመጣሉ። ሲጎረምሱ ተመልሰው ወደ ጥልቁ ይሄዳሉ። በእስያ ዳርቻዎች ያለው አሴቴስ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ደርቆና ተብላልቶ ለወጥ ማጣፈጫ የሚሆን ድልህ ይሠሩበታል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። የአንድ ቦታ ቁጥር የሚለወጠው በአራት ነገር ነው፦ በመወለድ፣ በመሞት፣ በመምጣትና በመሄድ። ማንግሮቭ ውስጥ ብቻ ፔኔይድ ብትሰበስቡ ትልልቆቹን አታገኙም። "ሞቱ" ብላችሁ ብትጽፉ ተሸወዳችሁ። አልሞቱም፣ ሄደዋል። ስለዚህ የዝርያውን ጉዞ ሳታውቁ የናሙና ቦታ አትምረጡ።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ

ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በየወሩ ናሙና ያስፈልጋል። እንደ አሴቴስ ላለ ዕድሜው አጭር ዝርያ በየሁለት ሳምንቱ ይሻላል። አንድ ወር ከዘለላችሁ የእኩዮቹ ስብስብ የት እንደደረሰ ይጠፋችኋል።

በብዙ የባሕር ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሁለት ጉድለቶች መካከል ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ጉድለቱ በጣም ይርቃል። በየወሩ በተመሳሳይ የጨረቃ ወቅትና በተመሳሳይ የጉድለት ሰዓት ሂዱ። አንዱን ወር ቀን፣ ሌላውን ሌሊት ካደረጋችሁት የምታወዳድሩት የሽሪምፑን ቁጥር ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የሙላትና ጉድለት ሠንጠረዡ 08:00 ሲል እኛ የምንለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። መዝገብ ላይ "2 ሰዓት" ብላችሁ ከጻፋችሁ የሥራ ባልደረባችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። የእኛ መስከረም የሚጀምረው በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው፤ ጳጉሜም አለች። የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የአሥር ቀኑ ግን ተደብቆ ይኖራል። በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ለሚያድግ ሽሪምፕ፣ አሥር ቀን ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ ለስሌት የሚገባው ግን የአውሮፓው ብቻ ይሁን። ሰዓቱንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ።

ወቅቱንም አትርሱ። እዚያ ክረምት ሲሉ ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ያለውን ብርድ ማለታቸው ነው። የጅማን ሐምሌ እያሰባችሁ የእነሱን ግራፍ አታንብቡ።

3. አንድ መረብ ምረጡ፣ ከዚያ አትቀይሩ

ለጥልቀት አልባ ዳርቻ በእጅ የሚገፋ መረብ ይበቃል። ፍሬም፣ ዘንግና ከኋላ ከረጢት አለው። ፍሬሙ 1.5 ሜትር ሰፍቶ 50 ሜትር ብትገፉት፣ የጠረጋችሁት 75 ካሬ ሜትር ነው። 150 ሽሪምፕ ከያዛችሁ በካሬ ሜትር 2 ማለት ነው። ይህ ቁጥር እውነተኛው ብዛት አይደለም። አሸዋ ውስጥ የተቀበረው አልገባም፤ ፈጥኖ የዘለለውም አምልጧል። እንደ ማወዳደሪያ ግን ያገለግላል፤ ያውም ሁሉም ነገር ከወር ወር ያው ከሆነ ብቻ። መረቡ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ቢቻል የሚገፋውም ሰው ያው ይሁን።

የመረቡ ቀዳዳ ዋና ነገር ነው። ሰፊ ከሆነ ትንንሾቹ ያመልጣሉ። በጣም ጠባብ ከሆነ በጭቃና በሣር ይደፈናል፣ ውኃውም እየተገፋ ሽሪምፑን ይዞት ይሸሻል። መሃል ላይ መርጣችሁ ጽኑ። የግድ መቀየር ካለባችሁ፣ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ሁለቱንም መረብ ጎን ለጎን ሞክሩና ልዩነቱን መዝግቡ።

በእያንዳንዱ ግፊት የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ጥልቀትና የመሬቱን ዓይነት ጻፉ። ክፍት ውቅያኖስ ላይ ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ ነው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ወንዝ የሚገባበት ቦታ ደግሞ ዝናብ በጣለ ማግስት ሌላ ውኃ ነው። ብቻችሁን አትውጡ። ሙላቱ ሲመለስ አይጠብቅም።

4. ከባልዲው ወደ ብልቃጡ

ጥሩ ቀን ከሆነ ሁሉንም መለካት አይቻልም። ስለዚህ ተካፋይ ናሙና ይወሰዳል። በሙሉ ያዛችሁት 1,200 ግራም ነው እንበል። በደንብ ታደባልቁና ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አራት ቦታ ትከፍሉታላችሁ። ተቃራኒ ክፍሎችን እያነሳችሁ፣ እየቀነሳችሁ 150 ግራም ላይ ትደርሳላችሁ። የለካችሁትን እያንዳንዱን ቁጥር በ8 ታበዛላችሁ። እጅን አታስገቡ። እጅ ሳያውቀው ትልቁን ይመርጣል፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስንገዛ የምናደርገው ያው ነው። በጣም ትልልቅ ሴቶች ጥቂት ብቻ ካሉ ለብቻ አውጥታችሁ ሁሉንም ለኩ። ለእነሱ ማባዣው 1 ይሆናል።

በወር 200 እስከ 300 ሽሪምፕ ብትለኩ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ግራፉ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል።

በዕለቱ የምትለኩ ከሆነ በበረዶ ያዙት። የሚቆይ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። አልኮል ግን ያኮማትራል። ስለዚህ ወይ ሁሉንም ትኩሱን ለኩ፣ ወይ ሁሉንም የቆየውን። ቅይጥ አይሆንም። ብልቃጡ ውስጥ የምታስገቡት ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ከሦስት ወር በኋላ ብልቃጡን ስትከፍቱ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ውኃ ውስጥ የተዘፈቀ ነጭ ወረቀት ታገኛላችሁ። ወሩ ማን ነው? ቦታውስ? ማንም አያውቅም። ብልቃጡ ላይ ከውጭ የተለጠፈውም አይታመንም፤ ይላጣል።

5. መለካት

የምትለኩት አጠቃላይ ርዝመቱን ሳይሆን ካራፔሱን፣ ማለትም ራስና ደረቱን የሸፈነውን ቅርፊት ነው። ጅራቱ ይታጠፋል፣ የአፍንጫው ሹል ጫፍ ይሰበራል። ካራፔሱ ግን ጠንካራ ነው። ሽሪምፑን በግራ እጃችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። የካሊፐሩን አንድ ጫፍ ከዓይኑ ጉድጓድ የኋላ ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ሌላውን ጫፍ ጀርባው መሃል ላይ፣ ካራፔሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አድርሱ። አትጫኑ። ቅርፊቱን በቅርቡ የጣለ ሽሪምፕ ለስላሳ ስለሆነ ካሊፐሩ ይሰምጥበታል። እንዲህ ያለውን "ለስላሳ" ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ላሉት ካሊፐር አይመከርም፤ መለኪያ ያለው ማይክሮስኮፕ ይሻላል።

አንድ ሰው ይለካ፣ አንድ ሰው ይጻፍ። የሚጽፈው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይድገመው። "አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት" ሲባል "አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት" ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሰዓት በኋላ ይበዛል።

ሌላ ስውር ነገር አለ። ሰው ሲደክመው 10ን፣ 12ንና 15ን ይወዳል። 11.8ቱን "12" ይለዋል። መጨረሻ ላይ ግራፉ 12 ላይ ጉብታ ያወጣል፤ እናንተ ደግሞ አዲስ ትውልድ አገኘን ትላላችሁ። ራሳችሁን ፈትኑ። 30 ሽሪምፕ ለኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ሳታዩ እነዚያኑ ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ በአማካይ ከርዝመት ምድባችሁ (ግራፉ ላይ ርዝመቶቹን ከምትከፋፍሉበት ስፋት) ግማሽ በላይ ከሆነ ገና አልተዘጋጃችሁም።

ወንድና ሴቱን ለዩ። እንደ ክራንጎን ባሉት፣ ሁለተኛውን ጥንድ የመዋኛ እግር በማይክሮስኮፕ እዩ። ወንዱ ተጨማሪ ትንሽ ቅጥያ አለው። ፔኔይድ ላይ ይቀላል፤ ወንዱ በመጀመሪያው ጥንድ ላይ የተጋጠመ አካል አለው፣ ሴቷ ደግሞ ከደረቷ ሥር የተለየ ሰሌዳ አላት። የማይለየውን ትንሽ በግምት አትመድቡት፤ "ያልተለየ" የሚል ዓምድ ይኑረው። እንቁላል የያዘችውን ደግሞ በሁለት ክፈሉ፦ እንቁላሉ ውስጥ የእጩ ዓይን ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታይባትና የማይታይባት። ጥቁር ነጥብ ከታየ መፈልፈሉ ቀርቧል።

ጾታውን የምንለየው ለወጉ አይደለም። የቡናማው ሽሪምፕ ሴት ከወንዱ በጣም ትተልቃለች። 6 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድ ብርቅ ነው። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ግራፍ ብትሠሩ፣ የአንድ ዕድሜ ወንድና ሴት ሁለት ጉብታ ሆነው ሁለት ትውልድ ይመስላሉ።

የጾታ ሚዛኑንም ካይ ስኩዌር በሚባለው የስታትስቲክስ ፈተና ፈትኑ። ለልምምድ ያህል፣ ከ300ው 180 ሴት፣ 120 ወንድ ቢሆኑ እኩል የሚጠበቀው 150 ነው። ልዩነቱ 30፤ ካሬው 900፤ ለ150 ሲካፈል 6። ለሁለቱም ጾታ ሲደመር 12። መለያ መስመሩ 3.84 ስለሆነ ሚዛኑ እኩል አይደለም። ወንዶቹ ግን ሞተው ይሁን፣ ሌላ ጥልቀት ላይ ሆነው ይሁን፣ በመረብ ቀዳዳ ሾልከው ይሁን ካይ ስኩዌር አይነግራችሁም።

ባሕር ሳታዩ እጃችሁን የምታፍታቱበት

ይህን ሁሉ ጅማ ላይ መለማመድ ይቻላል። ረግረግና ኩሬ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮች እንደ ሽሪምፕ ቆዳቸውን እየጣሉ ያድጋሉ፤ ዕድሜያቸውም አይነበብም። ከአጎበር ጨርቅና ከሽቦ መረብ አሠሩ። ልብስ ሰፊው "ለምን?" ብሎ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። ቶርኖ ቤት የሚሠራ ሰው ካላችሁ ካሊፐሩን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውሳችኋል። አንድ ዓይነት እጭ ብቻ ምረጡና የጭንቅላቱን ስፋት በየሁለት ሳምንቱ ለኩ። ቦዬ የምትሄዱ ከሆነ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ጉማሬ ያለበት ውኃ በመሆኑ በዘፈቀደ አይገባበትም።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ትልልቆቹ እጮች ከናሙናችሁ ይጠፋሉ። ክንፍ አውጥተው በርረዋል። ቅድም ስለ ፔኔይድ ያልኩት ይኼው ነው፤ ግራፉ ላይ መሄድና መሞት አንድ ይመስላሉ።

6. ግራፉን ሥሩ፣ ጉብታውን ተከተሉ

ርዝመቶቹን በምድብ አስቀምጡ። ትልቁ ካራፔስ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ የ1 ሚሊ ሜትር ምድብ ጥሩ ነው። በየወሩ አንድ አሞሌ ግራፍ ይኑር፤ ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ደርድሩ። ኤክሴል ይበቃል፤ ግራፍ ወረቀትም ይሠራል። በአንድ ወቅት የተፈለፈሉ እኩዮች አንድ ጉብታ ይሠራሉ። ጉብታው በየወሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከግራ አዲስ ጉብታ ብቅ ሲል አዲስ ትውልድ ገባ ማለት ነው። ፒተርሰን የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ይህን ዘዴ በዓሣ ላይ የተጠቀመበት በ1890ዎቹ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት ግራፉን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ዓይናችሁ ያላየውን ጉብታ ኮምፒውተር "አየሁ" ካለ ተጠራጠሩ።

7. ዕድገቱን አስሉ

ዕድገት ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ኤል ኢንፊኒቲ ነው፤ ሽሪምፑ ሳይሞት ዝም ብሎ ቢያድግ የሚጠጋበት የመጨረሻ ርዝመት። ሌላው ኬ ነው፤ ወደዚያ የሚጠጋበት ፍጥነት። የፎን በርታላንፊ ቀመር የሚባለው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ይቆማል።

በእጅ አንድ ጊዜ ሥሩት። ለልምምድ ባዘጋጀሁት ምሳሌ ጉብታው በአራት ተከታታይ ወሮች 8.00፣ 9.65፣ 11.10 እና 12.38 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የወር ጭማሪው 1.65፣ 1.45፣ 1.28 ይሆናል። እያንዳንዱን ጭማሪ ከመሃል ርዝመቱ ጋር፣ ማለትም ከ8.83፣ ከ10.38 እና ከ11.74 ጋር ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። መስመሩ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 0.127 ያህል ይወርዳል። በ12 ወር ሲባዛ ኬ በዓመት 1.5 ያህል ነው። መስመሩ ዜሮ የሚነካበት ቦታ 22 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ኤል ኢንፊኒቲ ማለት እሱ ነው።

አሁን ያንኑ ጉብታ ወደ አንድ አሥረኛ አጠጋጉት፦ 8.0፣ 9.6፣ 11.1፣ 12.4። ድጋሚ አስሉ። ኬ ወደ 1.2 ይወርዳል፣ ኤል ኢንፊኒቲ ወደ 25 ይወጣል። ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት! መለካቱ ላይ ያን ያህል የቆየሁት ለዚህ ነው። አራት ወር ብቻ ይዛችሁ አትመኑት፤ ብዙ ወር፣ ብዙ ጉብታ ሲኖር ስህተቱ ይቻቻላል።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ግቡ። ፊሳት የሚባለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አር የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም የምትችሉ ከሆነ ትሮፕፊሽአር የተባለው ጥቅል ይሻላል። ሁለቱም ኢለፋን የሚባለውን ዘዴ ይሠራሉ። ኢለፋን ብዙ ኬና ኤል ኢንፊኒቲ እየሞከረ የተሻለ ነጥብ ያገኘውን ጥንድ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ማለት ግን እውነት ማለት አይደለም። ዝቅ ያለ ኬ ከትልቅ ኤል ኢንፊኒቲ ጋር፣ ከፍ ያለ ኬ ከትንሽ ኤል ኢንፊኒቲ ጋር፣ ተቀራራቢ ነጥብ ያገኛሉ። ሰፋ ያለ ክልል ስጡት፣ ደጋግማችሁ አስኬዱት፣ መልሱ እየተለዋወጠ ከሆነ ሪፖርታችሁ ላይ ግለጹት። ለሰሜን ባሕር ዝርያ ደግሞ ወቅታዊ ዕድገትን የሚያስገባውን ምርጫ አብሩ። በብርዱ ወራት ዕድገቱ ቆመ በሚባል ደረጃ ይቀንሳል።

ውጤታችሁን ከሌላ ጥናት ጋር ስታወዳድሩ ፋይ ፕራይም የሚባለውን ቁጥር ተጠቀሙ። የኬ ሎጋሪዝም ሲደመር የኤል ኢንፊኒቲ ሎጋሪዝም ሁለት ጊዜ ነው። በእኛ ምሳሌ 0.18 + 2.68፣ ማለትም 2.86። በሴንቲ ሜትር ብታሰሉት ግን 0.86 ይሆናል። የአንዱ በሚሊ ሜትር፣ የሌላው በሴንቲ ሜትር ሆኖ "ልዩነት አገኘን" ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። የሌላው ሰው መለኪያ ካራፔስ ይሁን አጠቃላይ ርዝመት መጀመሪያ አረጋግጡ።

8. ሞቱን አስሉ

ጠቅላላው የሞት መጠን ዜድ ይባላል። ቀላሉ መንገድ የቤቨርተንና የሆልት ቀመር ነው፦

ዜድ = ኬ × (ኤል ኢንፊኒቲ − አማካይ ርዝመት) ÷ (አማካይ ርዝመት − መነሻ ርዝመት)

መነሻ ርዝመት ማለት መረቡ ማስመለጥ ያቆመበት ርዝመት ነው። አማካዩም የሚሰላው ከዚያ በላይ ካሉት ብቻ ነው። ትንንሾቹን ጨምራችሁ ብታሰሉ የመረቡን ቀዳዳ እንጂ የሽሪምፑን ሞት አላሰላችሁም። በእኛ ምሳሌ መነሻው 10፣ አማካዩ 13 ቢሆን፦ 1.5 × 9 ÷ 3 = 4.5 በዓመት።

4.5 ምን ማለት ነው? ከመቶ ሽሪምፕ ዓመቱን የሚያልፈው አንድ ያህል ነው። በወር ሲታይ ከመቶ 31 ያህሉ ይሞታሉ። ለዓሣ የለመደ ሰው ይደነግጣል። ዕድሜው አጭር ለሆነ፣ ብዙ ለሚወልድ ሽሪምፕ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር እንግዳ አይደለም።

9. ማን ገደለው?

ዜድ ሁለት ይከፈላል፦ በተፈጥሮ የሞተው ኤም፣ በመረብ የተያዘው ኤፍ። ኤምን ለመገመት ብዙው ሰው ፖሊ የተባለ የዓሣ ሳይንቲስት በ1980 ያወጣውን ቀመር ይጠቀማል። የሚያስፈልገው ኤል ኢንፊኒቲ፣ ኬና የውኃው አማካይ ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ርዝመቱ አጠቃላይ ርዝመት፣ በሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የምሳሌያችን 22 ሚሊ ሜትር ካራፔስ በአጠቃላይ ርዝመት 9 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በኬ 1.5 እና በ11 ዲግሪ ሴልሺየስ ኤም 2.1 ያህል ይወጣል። ስለዚህ ኤፍ 2.4 ነው። ኤፍ ለዜድ ሲካፈል 0.53። ብዙ ጊዜ እንደ ድንበር የሚወሰደው 0.5 ነው፤ ስለዚህ "ከልክ በላይ ተጠምዷል" ተብሎ ይጻፋል።

ቀስ በሉ። ያ ቀመር የተሠራው ከ175 የዓሣ ክምችቶች ነው፤ ሽሪምፕ የለበትም። ኤም 2.1 ሳይሆን 3 ቢሆን ኤፍ 1.5 ይሆናል፣ ውጤቱም 0.33። ከልክ በላይ የነበረው በአንድ ጊዜ "ችግር የለም" ይሆናል። ሽሪምፑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእናንተ ግምት ነው። በሰሜን ባሕር ደግሞ ኤም ራሱ አይቆምም። ቡናማውን ሽሪምፕ የሚበሉት ኮድና ዋይቲንግ የሚባሉት ዓሦች ናቸው። እነሱ ሲበዙ ሽሪምፑን ዓሣው ይበላዋል፤ እነሱ ሲቀንሱ ከሞቱ ትልቁን ድርሻ መረቡ ይወስዳል። ለሃያ ዓመት መረጃ አንድ ቋሚ ኤም ማስገባት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አታስቀምጡ። ለኤም ሦስት ግምት ውሰዱ፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ለእያንዳንዱ ኤፍንና ድርሻውን በሠንጠረዥ አሳዩ። ከሥሩ የመረቡን ቀዳዳ፣ የለካችሁትን የሽሪምፕ ብዛት በየወሩ፣ ትኩስ ይሁን አልኮል ውስጥ የቆየ፣ የሁለተኛ ልኬታችሁን ልዩነት ጻፉ። ያልተሰላውን የርዝመት ዝርዝር፣ በየቀኑና በየጾታው፣ አባሪ አድርጋችሁ አያይዙት፤ ሌላ ሰው ከሌላ ኤም ጋር ሊያሰላው የሚችለው እሱ ካለ ብቻ ነው።